ከአደጋ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሰዓታት፦ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ለሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ ለምን ይሠለጥናሉ?

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ሕይወት መንጠቁ ይታወሳል። ከሟቾቹ መካከል ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት በሚቆፍሩበት ወቅት በተከተለው ሁለተኛ ናዳ የተያዙ ናቸው። በሕይወት የተረፉት ቤተሰቦቻቸውን ከአፈር ሥር በእጃቸውና በአካፋ ሲፈልጉ ቀናት አሳልፈዋል። በአገር አቀፍ ደረጃም የ3 ቀን ብሔራዊ የሐዘን ቀን ታውጇል።

እንዲህ ዓይነት አደጋ ሲደርስ የተጎዱትን ለመርዳት በቅድሚያ የሚታሰበው ምግብ፣ መጠለያ፣ ንጹሕ ውኃና የሕክምና አገልግሎት ነው። ይህም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ከሞት የተረፈ፣ ልጁን ያጣ ወይም ቤቱ ሲፈርስ ያየ ሰው በእነዚያ የመጀመሪያ ሰዓታትና ቀናት ማን እንደሚቀርበው፣ እንዴት እንደሚያነጋግረውና ወዴት እንደሚመራው የሚወስነው ነገር ብዙ ነው። ለዚህ ወቅት የሚሰጠው ድጋፍ የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ርዳታው ምን እንደሆነ፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ጭምር ለምን ሊሠለጥኑበት እንደሚገባ፣ እንዲሁም ዜጎች ከአገልግሎቱ ምን መጠበቅ እንደሚችሉ እንመለከታለን።

ርዳታው ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

የዓለም የጤና ድርጅት ከሁለት አጋር ድርጅቶች ጋር በመሆን እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው መመሪያ መሠረት የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ በችግር ላይ ላለ ሰው የሚሰጥ ሰብአዊና ተግባራዊ ድጋፍ ነው። መመሪያው ሥራውን በሦስት ቃላት ያጠቃልለዋል፦ ማየት፣ ማዳመጥ እና ማገናኘት።

ማየት ማለት ወደ ሰዎች ከመቅረብ በፊት የቦታውን ደኅንነት ማረጋገጥ፣ አስቸኳይ ፍላጎት ያላቸውን እና ከፍተኛ ጭንቀት ላይ ያሉትን መለየት ነው። ማዳመጥ ማለት በአክብሮት ቀርቦ ስለሚያስፈልጋቸውና ስለሚያሳስባቸው ነገር መጠየቅ፣ ሳይጫኑ መስማትና እንዲረጋጉ ማገዝ ነው። ማገናኘት ደግሞ ከምግብና ከመጠለያ፣ ከትክክለኛ መረጃ፣ ከጠፉ ቤተሰቦች እና ካስፈለገም ከሕክምና ጋር እንዲገናኙ መርዳት ነው።

ርዳታው ምን እንዳልሆነ መገንዘብም የዚያኑ ያህል ጠቃሚ ነው። የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ የምክር አገልግሎት ወይም የሥነ ልቦና ሕክምና አይደለም። ተጎጂው የደረሰበትን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲተርክ አይጠየቅበትም። በሽታ የሚመረመርበት ወይም መድኃኒት የሚታዘዝበት ሥራም አይደለም። በመሆኑም ከጤና ባለሙያ ውጭ ያሉ ሰዎች፣ ለምሳሌ መምህራን፣ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኞች፣ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችና የቀበሌ አመራሮች፣ ሠልጥነው ሊሰጡት ይችላሉ።

ባለሙያው ለምን ሥልጠና አስፈለገው?

ማንም ሠልጥኖ ሊሰጠው የሚችል ድጋፍ ከሆነ ለዓመታት የተማረ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ለምን እንደገና ይሠለጥናል የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። መልሱ በሕክምና ተቋም ውስጥ የሚሠራው ሥራ እና አደጋ በደረሰበት ሜዳ ላይ የሚሠራው ሥራ በባሕርያቸው የተለያዩ መሆናቸው ነው።

የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ነርስ ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ በመደበኛ ሥራው ታካሚው ወደ እርሱ ይመጣል። የሕመሙን ታሪክ በዝርዝር ይጠይቃል፤ ምልክቶችን ይመዘግባል፤ የበሽታውን ስም ይወስናል፤ ሕክምና ያዛል። በመጠለያ ጣቢያ ግን ተጎጂው ታካሚ አይደለም። እንቅልፍ ማጣቱ፣ መንቀጥቀጡ፣ መፍዘዙ ወይም ያለማቋረጥ ማልቀሱ በአብዛኛው ለደረሰበት ከባድ ነገር የሚሰጠው ተፈጥሯዊ ምላሽ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ 11ኛው እትም በእንዲህ ዓይነት ወቅት የሚታየውን አጣዳፊ የጭንቀት ምላሽ ከአእምሮ ሕመሞች ዝርዝር ማውጣቱ ይህንኑ ያመለክታል። በአደጋው ማግስት ለተጎጂው የበሽታ ስም የሚሰጥ ባለሙያ፣ በጊዜና በወገን ድጋፍ ሊያገግም የሚችለውን ሰው እንደ በሽተኛ ራሱን እንዲያይ ሊያደርገው ይችላል።

ካለፉት ልምዶች ባለሙያዎች እንዲተዉ የሚመከሩ ሁለት አሠራሮች አሉ። የመጀመሪያው ተጎጂዎችን በአንድ ጊዜ ስብሰባ አስቀምጦ ያዩትንና የተሰማቸውን በዝርዝር እንዲናገሩ ማድረግ ነው። አሠራሩ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በብዙ አገሮች ተስፋፍቶ ነበር። ቆይቶ የተደረጉ ጥናቶች ሲመዘኑ ግን ከአደጋ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ጉዳት እንደማይከላከል፣ በአንዳንዶች ላይም ጉዳት ሊያስከትል እንደሚችል ታይቷል። ሁለተኛው ሐዘንተኛውን ለማረጋጋት ተብሎ እንደ ዲያዜፓም ያሉ ማስታገሻዎችን መስጠት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ ከአደጋው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ውስጥ ለሚታዩ አጣዳፊ የጭንቀት ምልክቶች እነዚህ መድኃኒቶች ለአዋቂዎች እንዳይሰጡ ይመክራል። ስለዚህ ሥልጠናው ለባለሙያው አዲስ ክህሎት ከመጨመሩ በተጨማሪ መታቀብን ያስተምረዋል።

ባለሙያ ብቻ የሚሠራው ሥራ

ይህ ማለት ባለሙያው ከበጎ ፈቃደኛው የተለየ ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። በተፈናቃዮች መካከል አደጋው ከመድረሱ በፊትም በአእምሮ ሕመም ወይም በሚጥል በሽታ የሚሠቃዩ ሰዎች ይኖራሉ። ቤት ሲፈርስ ወይም በድንገት ሲለቀቅ መድኃኒታቸውም አብሮ ይቀራል። ለሚጥል በሽታ የሚወሰድ ፊኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ተደጋጋሚ የሆነና ለሕይወት የሚያሰጋ መንቀጥቀጥ ሊያስነሣ ይችላል። በከባድ የአእምሮ ሕመም ላይ የነበረ ሰውም መድኃኒቱ ሲቋረጥ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። እነዚህን ሰዎች ቀድሞ ፈልጎ ማግኘትና ሕክምናቸውን ማስቀጠል በእነዚያ ቀናት ከባለሙያው የሚጠበቅ ቀዳሚ ተግባር ነው።

ራሱን ለማጥፋት የሚያስብን ሰው መለየት፣ የተምታታበት ሰው የጭንቅላት ጉዳት ወይም ሌላ አካላዊ ሕመም እንደሌለበት ማረጋገጥ፣ እንዲሁም ሳምንታት አልፈው ምልክቶቹ ያልቀነሱለትን ሰው ወደ ሕክምና ማስገባትም የባለሙያው ሥራ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው ባለፉት 10 ዓመታት ግጭት ባጋጠማቸው አካባቢዎች ከሚኖሩ ሰዎች ከ5ቱ 1 የሚሆነው ከቀላል እስከ ከባድ የሚደርስ የአእምሮ ሕመም አለበት። ይህ አኃዝ ሁለት ነገር ይነግረናል። ብዙኃኑ ሕመም ላይ አይወድቅም፤ የሚወድቁት ግን በርካታ ናቸውና ሊዘነጉ አይገባም።

ሥልጠናው ምን ይዟል?

መሠረታዊው የማስተዋወቂያ ሥልጠና ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ሊጠናቀቅ የሚችል ነው። አብዛኛው ጊዜ የሚውለው ለንግግር ሳይሆን ለልምምድ ነው። ሠልጣኞች በአንድ የአደጋ ታሪክ ላይ ተመሥርተው የረጂንና የተጎጂን ሚና እየተቀያየሩ ይጫወታሉ።

አንድ ሁኔታ በምሳሌነት እንውሰድ። በመጠለያ ጣቢያ አንዲት እናት ብቻዋን ተቀምጣለች። ሠልጣኙ ቀርቦ፣ «እናቴ፣ ስሜ እንዲህ ይባላል፤ ከጤና ጣቢያ ነው የመጣሁት። አጠገብዎ ብቀመጥ ይፈቅዱልኛል?» ይላል። እርሷ ዝም ትላለች። ልምምዱ የሚፈትነው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሠልጣኞች ዝምታውን ለመሙላት ይቸኩላሉ። «አይዞዎት፣ አያልቅሱ»፣ «እንኳን እርስዎ ተረፉ»፣ «ሁሉም ለበጎ ነው» ይላሉ። እነዚህ ቃላት ከቅን ልብ የሚወጡ ቢሆኑም ለሰሚዋ ሐዘኗን እንድትደብቅ እንደ ትእዛዝ ሊሰሟት ይችላሉ። የሠለጠነው ባለሙያ ግን ዝም ብሎ አብሯት ይቀመጣል፤ ውኃ ያቀርብላታል፤ ከቆይታ በኋላም፣ «አሁን ከሁሉ በላይ የሚያሳስብዎት ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሷ ምናልባት «ታናሹ ልጄ የት እንዳለ አላውቅም» የሚል ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ከማንኛውም የማጽናኛ ቃል በላይ የሚያስፈልጋት የጠፉ ቤተሰቦች ወደሚመዘገቡበት ቦታ አብሯት የሚሄድ ሰው ነው።

ሥልጠናው ከዚህ በተጨማሪ የማይፈጸም ቃል አለመግባትን፣ ያልተረጋገጠ መረጃ አለመናገርን፣ የሰሙትን በምሥጢር መያዝን፣ ለርዳታው ምንም ዓይነት ክፍያ ወይም ውለታ አለመቀበልን ያካትታል። ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ሊደረግ የሚገባው ልዩ ጥንቃቄም የሥልጠናው አካል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የዘርፉ ተመራማሪዎች ከአደጋ በኋላ ሰዎችን የሚጠቅሙ ብለው የለዩአቸው አምስት መሠረቶች፣ ማለትም የደኅንነት ስሜት፣ መረጋጋት፣ በራስና በማኅበረሰብ አቅም መተማመን፣ ከሌሎች ጋር መገናኘት እና ተስፋ፣ የርዳታው ሐሳባዊ መነሻዎች ናቸው።

የልቅሶ ሥርዓታችንና ሥልጠናው

ማኅበረሰባችን ሐዘንተኛን ብቻውን የማይተው ማኅበረሰብ ነው። በብዙ አካባቢ መርዶ የሚነገረው የቅርብ ዘመዶችና ጎረቤቶች አስቀድመው ተማክረው፣ በማለዳ ተሰብስበው ነው። ሰው ክፉውን ዜና ብቻውን እንዳይሰማ፣ ሲወድቅ የሚደግፈው እንዳይጠፋ የታሰበበት ሥርዓት ነው። እድሩ ድንኳን ይተክላል፤ ጎረቤት ምግብ ያቀርባል፤ ወዳጅ ዘመድ ቀናትን ከሐዘንተኛው ጋር ያሳልፋል። በየብሔረሰቡ መልኩ ቢለያይም ዋና ሐሳቡ አንድ ነው። ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት የሚሉት መርሆች ለሕዝባችን ባዕድ አይደሉም።

ይሁን እንጂ ታላቅ አደጋ ይህንን ሥርዓት ራሱን ይጎዳዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ በተባለው ስፍራ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ እንዲሁም በገዜ ጎፋ በአንድ ቀን ብዙ ቤተሰቦች ሲያዝኑ፣ ሊያስተዛዝን የሚመጣው ጎረቤት ራሱ ሐዘንተኛ ነበር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ በደረሰው የአውሮፕላን አደጋ 157 ሰዎች ሲሞቱ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል የተፈጸመው የኢትዮጵያውያን ሟቾች ሥርዓተ ቀብር በባዶ ሣጥኖች ነበር። አስከሬን ሳያዩ ማልቀስ፣ ሐዘኑ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያበቃ አለማወቅ ለቤተሰብ የተለየ ሸክም ነው። በዚህ ላይ ዛሬ መርዶው ከሽማግሌ ቀድሞ በእጅ ስልክ ይደርሳል። የሟች ምስል በማኅበራዊ ሚዲያ ሲሠራጭ እናት ብቻዋን ታየዋለች።

የሠለጠነ ባለሙያ እንዲህ ባለው ጊዜ የሚሠራው የማኅበረሰቡን ሥርዓት መተካት ሳይሆን እንዲቆም ማገዝ ነው። የሃይማኖት አባቶችና የአገር ሽማግሌዎች ወደ መጠለያ እንዲገቡ፣ ቤተሰቦች ተለያይተው እንዳይሰፍሩ፣ ለጸሎትና ለልቅሶ የሚሆን ቦታ እንዲለይ ከአስተባባሪዎች ጋር ይነጋገራል። ሥልጠናውም በአካባቢው ቋንቋ መሰጠት ይኖርበታል። በአስተርጓሚ የሚነገር ማጽናኛ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል።

የአንድ ቀን ሥልጠና ይበቃልን?

በዚህ ጥያቄ ላይ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። በሴራሊዮን ከኢቦላ ወረርሽኝ በኋላ በጤና ሠራተኞች ላይ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው የአንድ ጊዜ ሥልጠናው ሠራተኞቹ ስለ ተገቢው የሥነ ልቦና ድጋፍ ያላቸውን ዕውቀት ያሻሻለ ሲሆን፣ ዕውቀቱም ከወራት በኋላ አልጠፋም። በሙያዊ አመለካከታቸውና በራስ መተማመናቸው ላይ ግን ተመሳሳይ ለውጥ አልታየም። ከዚህ የምንረዳው ሥልጠና መነሻ እንጂ መድረሻ እንዳልሆነ ነው። ሠልጣኙ ወደ ሥራ ሲገባ የሚከታተለው፣ ያጋጠመውን የሚያወያየውና የሚያርመው ሰው ያስፈልገዋል።

የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች ሥልጠና ወሳኝ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። ባለሙያዎቹ ከሕዝባችን ብዛት ጋር ሲነጻጸሩ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም በከተሞች ይሠራሉ። ናዳ፣ ጎርፍ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰበት ቀበሌ በመጀመሪያው ሰዓት ሊገኙ አይችሉም። በአንጻሩ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ40 ሺህ በላይ ሠራተኞች በየቀበሌው ተሠማርተዋል። ቤተሰቡን በስም ያውቃሉ፤ ቋንቋውን ይናገራሉ። የተሻለው መንገድ ባለሙያውን አሠልጣኝና ተከታታይ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ቀዳሚ ደራሽ አድርጎ ማደራጀት ነው። አንድ ባለሙያ በመጠለያ 20 ሰዎችን ሊያነጋግር ይችል ይሆናል፤ 20 ሰዎችን ካሠለጠነ ግን ድጋፉ ለመቶዎች ይደርሳል።

ጊዜውም ሊታሰብበት ይገባል። አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚዘጋጅ ሥልጠና ዋናዎቹን ቀናት ያሳልፋል። በ2017 ዓ.ም. በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች እንዲሁም በአጎራባች የኦሮሚያ አካባቢዎች በሬክተር መለኪያ ከ5 በላይ የተመዘገቡ ርዕደ መሬቶች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎችን ከቤታቸው አፈናቅለዋል። መሬቱ ለሳምንታት ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፍርሃቱ በአንድ ቀን የሚያበቃ አልነበረም። ስምጥ ሸለቆው፣ ለናዳ የተጋለጡት ደጋማ ተዳፋቶችና ጎርፍ የሚያጠቃቸው የወንዝ ዳርቻዎች የት እንዳሉ ይታወቃል። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ፣ መሬቱ ሳይናወጥ በእነዚህ አካባቢዎች ቀድሞ ማሠልጠን ይቻላል።

ረጂዎችን ማን ይረዳል?

በገዜ ጎፋ የታየው ሌላው መራራ እውነት አዳኙና ተጎጂው አንድ ሰው መሆኑ ነው። አስከሬን ያወጡ ወጣቶች፣ ሌት ተቀን የሠሩ ነርሶች፣ የአምቡላንስ አሽከርካሪዎች ከአካባቢው የወጡ በመሆናቸው የራሳቸውን ዘመድ አጥተው ሊሆን ይችላል። ሥልጠናው የሥራ ሰዓት ገደብ ማበጀትን፣ ሁለት ሁለት ሆኖ መሠማራትን፣ ማረፍንና ከሥራ ባልደረባ ጋር መነጋገርን ያስተምራል። ይህ ግን በግለሰቡ ጥረት ብቻ የሚሆን አይደለም። ተራ አውጥቶ የሚያሳርፍ፣ ራሱ ሐዘን ላይ ያለውን ሠራተኛ ለቀናት ከሥራ የሚያነሣ ኃላፊ ከሌለ ሠልጣኙ የተማረው በወረቀት ላይ ይቀራል።

ዜጎች ማወቅ የሚገባቸው

አደጋ ደርሶብዎት ድጋፍ ሊሰጥዎት የሚመጣ ሰው ማንነቱንና የመጣበትን ተቋም እንዲነግርዎት መጠየቅ ይችላሉ። ለመናገር አይገደዱም፤ ዝም ማለትም፣ ድጋፉን አለመቀበልም፣ በሌላ ጊዜ መመለስም መብትዎ ነው። የተናገሩት በምሥጢር ሊያዝልዎት፣ ያለፈቃድዎ ፎቶግራፍ ሊነሡ እንደማይገባም ይወቁ።

በቤተሰብዎ ወይም በጎረቤትዎ ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ፤ በመጠለያ ካሉም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ያሳውቁ፦

- ራሱን ወይም ሌላን ሰው ለመጉዳት የሚናገር ወይም የሚሞክር፤
- መብላትና መጠጣት ያቆመ፣ ራሱን ወይም ልጆቹን መንከባከብ ያቃተው፤
- የት እንዳለ የማያውቅ፣ ንግግሩ የተምታታበት፣ ሌሎች የማይሰሙትን የሚሰማ፤
- የአእምሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የተቋረጠበት፤
- ከአደጋው በኋላ ሳምንታት አልፈው እንቅልፍ ማጣቱ፣ ቅዠቱ ወይም ፍርሃቱ ያልቀነሰለትና ወደ ዕለት ሥራው መመለስ ያልቻለ።

ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ ሲወሰዱ የነበሩትን መድኃኒቶች ስም ወይም ባዶ ማሸጊያቸውን ይያዙ። ወላጅ ወይም እኅት ወንድም ያጣ ሕፃን ካለ በዕድሜው ልክ እውነቱን በቀላል ቃል ይንገሩት፤ ከሚያውቀው ሰው አይለዩት፤ እንዲጫወትም ይፍቀዱለት። የአደጋውን ምስሎች በስልክ ከማሠራጨትም ይቆጠቡ፤ ምስሉ መርዶውን ገና ላልሰማ ቤተሰብ ሊደርስ ይችላልና።

ናዳን በዝናብ ወራት፣ ርዕደ መሬትን በስምጥ ሸለቆ ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይቻልም። በናዳው ማግስት ሐዘንተኛዋን እናት ቀርቦ የሚያነጋግራት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበትና ምን ማድረግ እንደሌለበት አስቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግ ግን ይቻላል። ለዚህም የጤና ተቋማት፣ የአካባቢ አስተዳደሮች፣ የሃይማኖት አባቶችና እድሮች ከአደጋው በፊት ተገናኝተው ሊመክሩና የየራሳቸውን ድርሻ ሊለዩ ይገባል።